በሚዛን ያስረከበኝ አባቴ

ባለፈው ሰሞን ለእህቴ የልጅ ልጅ ጋቢ ልገዛ እዚሁ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት እኔ ወደማላውቀው አገር ልትሄድ ነው። ሻጩ ጎረምሳ ጋቢውን ዘረጋና “እማማ፣ ንጹህ የእጅ ሥራ ነው፤ ማሽን አልነካውም፣ እናቴ ትሙት!” አለኝ። እኔ ለአንድ ጋቢ ብሎ እናቱን የሚገድል ሰው አላምንም። ጨርቁን አንስቼ አሸተትኩት። ከጥጡ ሽታ ሥር ኮምጠጥ ያለ የሙቅ ሽታ አገኘሁ። ሸማኔ ድሩ እንዳይበጣጠስ የሚቀባው ቀጭን ሙቅ ነው፤ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ አይገኝም። ልጁ እውነቱን ነበር ማለት ነው። ቢሆንም አራቱንም ጠርዝ ገልብጬ አየሁ፣ ደጃፍ ድረስ ወስጄ በብርሃን ሳሳ ያለ ቦታ ፈለግሁበት። “እማማ፣ ድሮ ፖሊስ ነበሩ እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ። “የሸማኔ ልጅ ነኝ” አልኩት። ከዚያ በኋላ መሐላውን ትቶ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

አዎ፣ ተጠራጣሪ ነኝ። አርባ ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህን ጠባዬን አውቀው ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የሱቅ መልስ ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ። ከባንክ በስልክ የሚላክልኝን መልእክት ባንኩ ድረስ ሄጄ አረጋግጣለሁ። ይህን ሁሉ የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ዳኘው ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ የገባው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ ዓመቱን እሱም በትክክል አያውቀውም። ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለየ ምክንያት ይሰጥ ነበር። ለአንዱ የመሬት ጣጣ፣ ለሌላው ረሀብ፣ ለሦስተኛው “አየር ልለውጥ ብዬ”። “ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?” ስለው “ሁሉም አንድ ነገር ካወቁ ተሰብስበው ይመክሩብኛል” አለኝ። “ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎ ስንጥር” የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ጨዋታ ነው፤ ለአባቴ ግን የቤት ሕግ ነበር።

ሥራውም ራሱ ጥርጣሬ ነበር። ያን ጊዜ ሴቶች ጥጡን ራሳቸው ፈትለው ልቃቂቱን ለሸማኔ ይሰጡና ሸማ ሆኖ ይመለስላቸዋል። ስለዚህ ሸማኔ ሁሉ ፈትል ሰራቂ ነው ተብሎ ይታሰባል። የሰፈር ልጆች በራችን ላይ ሲያልፉ ምን ይሉ እንደነበር ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፦

ሸማኔው ጎረቤት፣ አቤት ደግነቱ፣
ያንቺን ልቃቂት ሸመነው ለሚስቱ።

አባቴ ለዚህ መድኃኒቱ ሚዛን ነበር። ፈትሉን ሲቀበል ይመዝናል፣ ሸማውን ሲያስረክብ ይመዝናል፤ ያውም የእሱም የባለፈትሏም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ቆሞ እያየ። ሴቶቹም የዋዛ አልነበሩም። አንዳንዷ ልቃቂቱ ከበድ እንዲል ውሃ ትረጭበታለች፣ ኋላ ሸማው ደርቆ ሲቀል “ጎደለ” ልትል። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ ፈትሉን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። እነሱ ደግሞ የሰረቀውን በሙቅ ክብደት ይሸፍነዋል ብለው ስለሚጠረጥሩ ሸማው ታጥቦ ደርቆ ይመዘንልን ይላሉ። ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ከዚያ በኋላ ሁሉም “ገለቶሚ፣ ገለቶማ” ተባብለው፣ ተመሰጋግነውና ተሳስመው ይለያያሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአባቴ እጅ አንዲት ክር ጎደለች ያለ ሰው አልነበረም። ሆኖም ሸማኔን የሚያንቋሽሹበት “ቁጢት በጣሽ” የሚለው ስድብ አልቀረለትም፤ በዓይኑ ይበላል ብለው ልጆቻቸውን ከበራችን የሚያሸሹም ነበሩ።

የሚዛኑ ምስክር ሁልጊዜ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ነበረች። ከአርጆ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እሑድ እሑድ መዝሙር መጽሐፏን በነጭ መሐረብ ጠቅልላ ቤተ ክርስቲያኗ ትሄዳለች። እናቴ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከማርያም ቅዳሴ ትመለሳለች። መንገድ ላይ ሲገናኙ “አከም ቡልቴ?” “እንዴት አደርሽ?” ተባብለው፣ አንዷ በኦሮምኛ ጀምራ ሌላዋ በአማርኛ ስትጨርስ ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ። አባቴ ይህን ወዳጅነት ይጠረጥር ነበር፤ “ጴንጤ ሊያደርጉን ነው” ይላል። ግን ሚዛኑን ከእሷ በቀር ለማንም አያምንም። “የሰው ሃይማኖት ይለወጥ ይሆናል እንጂ የእሷ ዓይን አይለወጥም” ይል ነበር።

የዚያን ጊዜዋን ነቀምቴ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የገበያ ቀን ነው። ሻይ በዲናር ይጠጣል፣ ዲናር ማለት አሥር ሳንቲም ነው። በሽልንግ ሙዝ ተገዝቶ ለቤት ይበቃል። ወንዱ ከጎማ የተሠራ በርባሶ ይጫማል፤ ሸራ ጫማ ያደረገ ተማሪ ካለ ሁሉም ወደ እግሩ ያያል። ከመናኸሪያው ማዶ ካለው ሻይ ቤት የሬዲዮ ዘፈን ይመጣል፣ ክላርኔቱ ሲያለቅስ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ውሃ ልንቀዳ ወጥተን እንስራውን መሬት አስቀምጠን እንሰማ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የስልክ መሸጫ ቆሟል። ሙዚቃው ከዚያም ይመጣል፣ ጆሮ ይበጥሳል፤ ግን ቆሞ የሚሰማው የለም።

ሚሲዮን ፈረንጆች ለሴት ልጆች ከከፈቱት ትምህርት ቤት የገባሁት በአዴ ጫልቱ ውትወታ ነው። አባቴ በየሳምንቱ ማተቤን እየዳሰሰ መኖሩን ያረጋግጥ ነበር። ማተቡ ሳይበጠስ፣ እኔም ሳልባረር፣ እዚያው አንደኛ ሁለተኛ እየወጣሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ። ፈተናውን ተፈተንን። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ደብዳቤ መጣ። አዲስ አበባ ካለው ኮሌጅ ተቀብለውኛል፤ መኝታውም ምግቡም ከእነሱ ነው። ከቤታችን የፊደል ዘር የምለየው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባቴ እጁን አነሣ።

“ምግቡ ስንት ነው አልሽ?”

“በነፃ ነው አባባ።”

“መኝታውስ?”

“እሱም በነፃ።”

ከሽመናው ጉድጓድ ወጥቶ እግሩን አራገፈ። “ይች ልጅ አንብባ አታውቅም” አለ። “ደግመሽ አንብቢው።” ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛም አስነበበኝ። ከዚያ ለእናቴ “ጥሩወርቅ፣ በነፃ የሚቀለብ በሬ መጨረሻው ምንድን ነው?” አላት። መልሷን ሳይጠብቅ “መታረድ ነው” አለና ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። መወርወሪያውን ሲያነሣው ነገሩ ማለቁን አወቅሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ፣ ጾምኩ፣ አኮረፍኩ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው መግቢያ ቀን እየቀረበ ነው፤ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የክፍል ጓደኛዬ ለአንድ ጸሐፊ መታጨቷን ስሰማ ቀጥሎ የእኔ ተራ መሆኑ ገባኝ። ከኑኑ ቁምባ አንድ ጥጥ ነጋዴ ልጁን ይዞ ሁለት ጊዜ ቤታችን ተመላልሶ ነበር፤ ሁለተኛውን ጊዜ ማር ይዞ ነው የመጣው።

ያዳነችኝ አዴ ጫልቱ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ልቃቂት ይዛ መጥታ ከጉድጓዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

“ኦቦ ዳኘው፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ፈትል ስንሰጥህ አምነንህ መሰለህ?” አለችው።

“እንዴታ!”

“ዋቃዮ ያውቃል፣ አንድ ቀን አላመንንህም። እኔ ራሴ እቤቴ ሄጄ እንደገና መዝኜ አውቃለሁ። ግን ሰጠንህ። ካልሰጠንህ ምን እንለብሳለን? ኢንተላ ኬኛም እንደዚሁ ናት። ልጃችንን እቤት ብታስቀምጣት ልቃቂት ሆና ትቀራለች። ጠርጥር፤ ጠርጥረህ ግን ስጣት።”

አባቴ መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ፊቱ ፈካ። “እኮ!” አለ። “እናንተ መዝናችሁ ነው የምትሰጡኝ!”

በዚያው ሳምንት የገበያ ቀን፣ ጆንያ ቡና የሚመዝን ኦቦ ዲንሳ ወደሚባል ነጋዴ መጋዘን ወሰደኝ። ጫማዬን አስወለቀኝ። ነጠላዬን ለብቻ አስመዘነና ከጠቅላላው አስቀነሰ። ሹራቤም ይውለቅ ሲል አዴ ጫልቱ ተቆጣችው። ጆንያ የተሸከሙት፣ ቡና ለቃሚዎቹ፣ ለጨው የመጡት ሁሉ ከበው እያዩ እኔ ከሁለት ጆንያ መሐል ሚዛን ላይ ቆሜአለሁ። አርባ ስድስት ኪሎ። ኮሌጁ የሚፈርምበትን የርክክብ ወረቀት የምጽፈው ደግሞ፣ አባቴ ሌላ ጸሐፊ አያምንምና፣ እኔው ነኝ። “እናኑ ዳኘው የምትባለው ልጅ፣ ክብደቷ አርባ ስድስት ኪሎ፣ ጥርሷ ሙሉ፣ ዓይኗ ደህና፣ ማተቧ ያልተበጠሰ፣ ከዚህ በታች የፈረመው ክፍል በደህና ተረክቧታል።” እያለቀስኩ ጻፍኩት። አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ፤ አዴ ጫልቱም በምስክርነት አተመች። የገበያው ሰው ሳቅ ግን እስከ ቤት ተከተለኝ። በአባቴ ማፈር የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ለአውቶቡሱ ሰባት ብር ይሁን ስምንት ከፈልን፤ ዕቃችንን እንዳይሰርቁን ብሎ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ አላስጭንም አለና እስከ መጨረሻው ጭኑ ላይ ይዞት ሄደ። አምቦ ስንደርስ አንድ መንገደኛ የጠርሙስ ውሃ ጋበዘው። አረፋውን ሲያይ “ሳይጣድ የፈላ ውሃ አልጠጣም” ብሎ መለሰለት። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ዛሬ ያ ጨዋታ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን መቀመጫ የምቀይርበትን ምክንያት ነበር የምፈልገው።

ኮሌጁ ግቢ ስንደርስ ተማሪዎች ከሴቶቹ ማደሪያ ፊት ተሰልፈው ነበር። አባቶች በኮትና በከረቫት፣ እናቶች በተረከዝ ጫማ። ከፊቴ የቆመችው ልጅ ጉርድ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጸጉሯ ተተኩሷል። ዞራ “ከየት ነሽ? አባትሽ ምንድን ነው ሥራው?” አለችኝ። “ከነቀምቴ። የጨርቅ ነጋዴ ነው” አልኳት። አባቴ ሻንጣውን ይዞ ከኋላዬ ትንሽ ራቅ ብሎ ግንቡን ይመረምር ነበር፤ የአጥሩን ከፍታ፣ የዘበኞቹን ብዛት ይቆጥራል። አልሰማኝም ብዬ አሰብኩ። ተራዬ ደረሰ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ሴትዮ መነጽር ያደረገች፣ ቁጡ ትመስላለች። ስሜን ስትፈልግ አባቴ በባዶ እግሩ ወደፊት መጣና እጅ ነሥቶ ወረቀቱን ዘረጋ።

“እመቤቴ፣ ተረክቤአለሁ ብለው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።”

ሴትዮዋ አነበበችው። መጀመሪያ በልቧ፣ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “ክብደቷ አርባ ስድስት ኪሎ...” ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ጉርድ ቀሚሷ አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። ሴትዮዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። “አንተ ሰውዬ፣ ምኗ ነህ?” አለችው።

አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት። “ዕቃ ያመጣልኝ ሰው ነው” አልኩ። “አባቴ ነው የላከው።”

አባቴ ወደ እኔ አልዞረም።  ቀድሞ ካጎነበሰው በላይ ጎንበስ አለ። “አዎን እመቤቴ” አለ። “አባትየው ነው የላከኝ። ሰውየው ተጠራጣሪ ነው፤ ሳታስፈርም ብትመጣ አልቀበልህም ብሎኛል።” ሴትዮዋም ሳቀችና “እንግዲያ እንዳይቆጣህ” ብላ ፈረመችለት። ወረቀቱን በአራት አጥፎ መቀነቱ ውስጥ ከተተ። ሻንጣዬን እግሬ ሥር አስቀመጠ። “በሉ እንግዲህ እመቤት፣ በደህና ይቆዩ” አለኝ፣ የሰው አሽከር እንደሚለው። “ለአባትዎ ምን ልበልልዎት?” “ደህና ገባች በልልኝ” አልኩት። እጅ ነሥቶኝ ሄደ።

እውነቱን ልናገር፤ እፎይ ነው ያልኩት። በሩን አልፎ እስኪጠፋ ቸኩዬ ነበር። እራት ላይ ከእነዚያ ልጆች ጋር ስለዚያ “የአባቴ መልእክተኛ” አብሬ ሳቅሁ። ማልቀሱ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ አልሄደም። ያን ዓመት ከነቀምቴ የመጣ ሰው ሁሉ ጠላቴ ሆነ። ነጋዴ ይሁን፣ አስተማሪ ይሁን፣ ዘመድ ጠያቂ ይሁን፣ ፊቱን እመረምራለሁ፤ ያውቅ ይሆን? አባቴ ነግሮት ይሆን? “አባትሽ ደህና ነው” ሲለኝ ከቃሉ ጀርባ ሌላ ቃል እፈልጋለሁ። “ሰላም ብለውሻል” ሲባል “አሽከርሽ” ማለታቸው ይመስለኛል። አባቴን ሠላሳ ዓመት ሲያስቸግር የነበረው በሽታ እኔን በአንድ ዓመት ጨረሰኝ።

ክረምት መጥቶ ትምህርት ሲዘጋ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ነቀምቴ መናኸሪያ ስወርድ ሰላም ያለኝን ሁሉ ጠረጠርኩ። አዴ ጫልቱ መንገድ ድረስ ወጥታ “ኢንተላ ኬኛ! ነገያ ዱፍቴ!” እያለች ጉንጬን ሳመችኝ፤ በደህና መጣሽ ማለቷ ነው። ዓይኗን አየሁት፤ ያ ሚዛን የሚያየው ዓይኗ ምንም አላሳየኝም። ቤት ስገባ አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ከቦታው ሳይነሣ ጉልበቱን ሳምኩት፣ ግንባሬን ሳመኝ። “ደህና ነሽ?” አለኝ። መወርወሪያውን አነሣ።

እናቴ እግሬን እያጠበች ጀመረች። “እኔስ አባትሽን እንዲያ ማክበራቸውን መቼም አልረሳው።”

“እነማን?” አልኩ።

“ኮሌጆቹ ነዋ! ‘የተማሪዋ አባት መጡ’ ብለው ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ወንበር ስባ፣ ሻይ አስመጥታለት። አንቺማ ‘አባቴ ናቸው፣ ተዋወቋቸው’ እያልሽ እጁን ይዘሽ ለጓደኞችሽ ስታዞሪው ዋልሽ አሉ። ይኸው ዓመቱን ሙሉ ለጎረቤት እየነገርኩ ከረምኩ።”

የመወርወሪያው ድምፅ አላቋረጠም። ወደ አባቴ ማየት አልቻልኩም። በሚዛን ፊት አንዲት ክር ያላጓደለ ሰው፣ ለጠያቂ ሁሉ ሌላ ሌላ ቢያወራም ቤቱ ውስጥ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ዋሽቷል። እኔን ሸፍኖ። ዓለምን ሁሉ ጠርጥሮ እኔን ብቻ አምኖኝ ነበር፤ ያሳፈርኩት እኔ ሆኜ ሳለ ደግሞ ገመናዬን የደበቀው እሱ ሆነ። በዚያች ደቂቃ ተነሥቼ እግሩ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አልወደቅሁም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ኮሌጁ በር ላይ ያልኩት አይደለም፤ እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ መቅረቴ ነው።

እናቴ እጇን ከውሃው አውጥታ ጠርጠር አድርጋ አየችኝ። “እውነት ነው እናኑ? እሱ መቼም ደስ ሲለው ያጋንናል።”

“እውነት ነው እምዬ” አልኳት።

አባቴ ከድሩ ላይ ቀና ሳይል “ሻዩንማ ሁለት ጊዜ ነው ያመጡልኝ” አለ።